ለደብረ ማርቆሷ ሲስተር፣ እግዚአብሔር ይስጥልን!

ደብረ ማርቆስ ድሬሲንግ (ቁስል ማሸጊያ) ክፍል የምትሠራዋን ሲስተር ስሟን ሳልጠራ ላመስግናት። ባታቸው ላይ ደም ሥር እንደ ገመድ ተጠማዞ ለወጣባቸው፣ ቁርጭምጭሚታቸው ላይ ቁስል ለወራት አልድን ላላቸው ሁሉ ደርሳላቸዋለች።

ወደ እሷ የሚመጣው ብዙ ተንገላቶ ነው። አንዱ ቦታ ያበጠውን ደም ሥር በምላጭ በጥተውታል። ሌላው ቦታ ወር ሙሉ አንቲባዮቲክ ሲያስውጡት ከርመዋል። ከሁሉ የሚያናድደው ግን ባቱን መሀል ላይ ብቻ በፋሻ ጠፍረው የሚሸኙት ናቸው! ችግሩ እኮ የደም መልሱ፣ ማለትም ደሙን ወደ ልብ የሚመልሰው ሥር፣ ቫልቮች (ደሙ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚዘጉት ክዳኖች) መላላት ነው፤ ደሙ ወደ ታች እየተመለሰ ይጠራቀማል። መሀሉን ስታንቁት ከታች ያለው እግር ያብጣል፣ ቁስሉም ይሰፋል።

እሷ መጀመሪያ በሽተኛውን ታቆመዋለች፤ የተነፋ ደም ሥር በደንብ የሚታየው ሲቆሙ ነው። በጎጃም ዝሆኔም ስላለ እብጠቱ ከየት እንደ ጀመረ ትጠይቃለች፤ ዝሆኔ ከመርገጫው ጀምሮ ወደ ላይ ነው የሚወጣው። ከዚያ ሁለት ጣቷን ከመርገጫው በላይኛው ገጽ ላይ አሳርፋ ትርታ ትፈልጋለች። አትቸኩልም። ትርታው ከደከመ አታስርም፣ ወደ ሐኪም ትልካለች፤ ደም ቅዳው (ደም ከልብ የሚያመጣው ሥር) የጠበበ እግር በፋሻ ቢጠብቅ ሥጋው ሊሞት ይችላል። ይህችን አንድ ደቂቃ ስንቱ ይዘላታል!

ስታስር ቁርጭምጭሚቱን 90 ዲግሪ ታስይዘዋለች። ከጣቶቹ ሥር ትጀምራለች፣ ተረከዙን አትዘልም፣ እያንዳንዱን ዙር በፊተኛው ላይ በግማሽ እየደረበች ከጉልበት ሁለት ጣት ዝቅ ብላ ታቆማለች። ፋሻውን የምትለጥጠው እስከ ላይ እኩል ነው፤ ቁርጭምጭሚት ቀጭን ስለሆነ ጫናው በራሱ እዚያ ይበረታል። ደግነቷ ደግሞ እዚህ ላይ ነው፦ የጠቀለለችውን ፈትታ ለአስታማሚዋ ልጅ ትሰጣታለች። ልጅቷ 3 ጊዜም ቢሆን አስራ እስክታስተካክል ሳትቆጣ ትጠብቃታለች። «ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፣ ከደነዘዙ ወይም ከጠቆሩ ወዲያው ፍቺው» ብላ ትሸኛታለች።

ማኅሌት ቆመው ለሚያድሩ አባቶች ተረከዛቸውን ከፍ ዝቅ እንዲያደርጉ ትነግራቸዋለች፤ ደሙን ወደ ላይ የሚገፋው የባት ጡንቻ ነው። ደም ሥሩ ፈንድቶ ከደማ ደግሞ አስተኝታችሁ እግሩን ከልብ በላይ ከፍ አድርጉ፣ በንጹሕ ጨርቅ 10 ደቂቃ ሳታነሡ ተጫኑ፣ በገመድ አትሰሩ።

ከደጀንም ከአማኑኤልም ያላችሁ፣ እባካችሁ ሳይብስ ሂዱ። በጠዋት፣ እግሩ ሳያብጥ ብትደርሱ ይሻላል። ሰፊ ጫማ ያዙ፤ ፋሻው ላይ ጠባብ ጫማ አይገባም።