ለባለስድስት ብሎን ላንድክሩዘር ቸርኬና ጎማ፦ ባለቀለበት 16፣ ድፍን 16 ወይስ 15 ኢንች?

አሮጌ ላንድክሩዘር የገዛ ሰው ጎማ ሲያስብ ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ብራንዱ ነው። ቅደም ተከተሉ ግን ሌላ ነው። ሞዞው (ቸርኬው የሚታሰርበት የመኪናው ክፍል) ላይ ያሉት ብሎኖች ቸርኬውን ይወስናሉ፤ ቸርኬው የጎማውን ስፋት ይወስናል፤ ብራንዱ መጨረሻ ላይ ይመጣል። ከዚህ በታች ያለው ንጽጽር በዋናነት 40፣ 60 ለሚባሉት የላንድክሩዘር ሞዴሎችና ከ1999 እ.ኤ.አ. በፊት ለተሠሩት 70ዎች ነው።

መጀመሪያ ብሎኑን ይቁጠሩ

40ው፣ 60ው፣ 80ውና የቀድሞዎቹ 70ዎች ስድስት ብሎን አላቸው። ከአንዱ ብሎን መሃል ትይዩው እስካለው ብሎን መሃል ሲለካ 139.7 ሚሊ ሜትር ይመጣል። ከ1999 ወዲህ የወጡት ሃርድቶፕ 78ና ፒክ አፕ 79 አምስት ብሎን ሲሆኑ ክባቸው 150 ሚሊ ሜትር ነው። አምስት ብሎን ላይ ትይዩ ብሎን ስለሌለ አንዱን ዘለው ቀጥሎ ያለውን ይለኩ፤ ከመሃል እስከ መሃል 142.7 ገደማ ከሆነ 150 ነው ማለት ነው። የስድስቱ ቸርኬ ለአምስቱ፣ የአምስቱም ለስድስቱ አይሆንም።

ስድስት ብሎንና 139.7 መሆኑ ብቻውን ግን አይበቃም። የሚትሱቢሺ ፓጄሮ ቸርኬም ልኩ ይኸው ነው፤ ነገር ግን የመሃል ቀዳዳው 67.1 ሚሊ ሜትር ስለሆነ በላንድክሩዘር ሞዞ ላይ አያልፍም። የፕራዶና የሃይሉክስ ቀዳዳ 106.1 ነው፤ የፊት ሞዞው ወፈር ስለሚል ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ሞዞውን በካሊፐር መለኪያ ይለኩ። የኒሳን ፓትሮል 110 ስለሆነ ያልፋል። የኒሳን ዳዶ ግን የጥርሱ ርቀት 1.25፣ የቶዮታው 1.5 ሚሊ ሜትር ነው። ሁለቱም ውፍረታቸው 12 ሚሊ ሜትር በመሆኑ በእጅ ሲጀመር የያዘ ይመስላል፤ በቁልፍ ሲጠብቅ ብሎኑን ይበላዋል። ስለዚህ የፓትሮል ቸርኬ ቢገዙም ዳዶው የራስዎ መኪና ይሁን።

ሌላው ሰው የሚዘነጋው ኦፍሴት ነው፤ ቸርኬው ከሚታሰርበት ፊት አንጻር ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ምን ያህል እንደሚገባ ማለት ነው። የ80ው አሉሚኒየም ቸርኬ 16×8 ሲሆን ኦፍሴቱ ዜሮ ነው፤ ከሚታሰርበት ፊት ወደ ውስጥ 102 ሚሊ ሜትር ገደማ ይገባል። የፕራዶ 120 ቸርኬ 17×7.5 ሆኖ ኦፍሴቱ 30 ስለሆነ 125 ሚሊ ሜትር ይገባል። ቸርኬው ጠባብ ሆኖ ሳለ ጎማውን 23 ሚሊ ሜትር ወደ ባሌስትራው ያስጠጋዋል፤ መሪው ዳር ድረስ ሲዞር ጎማው ይፋተጋል። ይህን ለማዳን በሞዞውና በቸርኬው መሃል የሚገባው ልል ስፔሰር ዳዶው የሚይዘውን የብሎን ርዝመት ስለሚያሳጥር አይመከርም። በተቃራኒው በጣም ወደ ውጭ የወጣ ቸርኬ መሪ ያከብዳል፣ የፊት ኩሽኔታ ላይ ጫና ይጨምራል፣ የፊት አክስሉ ያረጀ ከሆነ ደግሞ መሪው መንቀጥቀጥ ይጀምራል።

ልካቸው ጎን ለጎን

| ጎማ | የሚስማማው ቸርኬ ስፋት | ከፍታ | የአንዱ ጎማ ጭነት |
|---|---|---|---|
| 7.50 አር 16 | 5.5–6.5 ኢንች | 805–810 ሚ.ሜ | እንደ ፕላዩ (የጥንካሬ ደረጃው) |
| 235/85 አር 16 | 6–7.5 ኢንች | 806 ሚ.ሜ | 1,400 ኪ.ግ (ኢንዴክስ 120) |
| 265/75 አር 16 | 7–8 ኢንች | 804 ሚ.ሜ | 1,550 ኪ.ግ (ኢንዴክስ 123) |
| 31×10.5 አር 15 | 7–9 ኢንች | 787 ሚ.ሜ | 1,030 ኪ.ግ (ኢንዴክስ 109) |

አንድ ልክ በተለያየ የጭነት ደረጃ ስለሚሠራ፣ ሲገዙ ጎኑ ላይ የተጻፈውን ኢንዴክስ፣ ማለትም የጭነት አቅሙን የሚያመለክተውን ቁጥር፣ ያንብቡ። 265/75 በኢንዴክስ 112ም ይመጣል፤ ያ 1,120 ኪሎ ብቻ ነው የሚሸከመው።

ባለቀለበቱ 16×5.5 ከ7.50 ጋር

የዚህ ቸርኬ አንዱ ጠርዝ ተነቃይ ቀለበት ነው፤ ትልቁ ጥቅሙም በሁለት ማንሻ ብረት ብቻ፣ ማሽን በሌለበት ቦታ መፈታቱ ነው። 7.50 ደግሞ በየወረዳው ከተማ የሚገኝ ልክ ነው፤ ኤን ፒ አር አይሱዙ ስለሚጠቀምበት። ጥንቃቄው እዚያው ላይ ነው። ለአይሱዙ የሚመጣው ባብዛኛው 14 ፕላይ ነው። ባዶውን ሁለት ቶን ገደማ የሚመዝን ላንድክሩዘር ሥር ሲገባ አይለምጥም፤ ኮረኮንች ላይ መኪናው ይዘላል፣ ባሌስትራ ይሰብራል፣ በዝናብ ፍሬን ሲያዝ ይንሸራተታል። ለላንድክሩዘር 8 ወይም 10 ፕላይ ይበቃል። «7.50-16» ተብሎ በሰረዝ የተጻፈው ራዲያል ያልሆነው የናይለን ክር ጎማ ነው፤ ከራዲያል ጋር በአንድ አክስል ላይ አይቀላቀልም።

ባለቀለበት ቸርኬ አየር አይዝም፤ ስለዚህ ምንጊዜም ከመነዳሪና ፍላፕ (ከመነዳሪውን ከቸርኬው የሚለይ ላስቲክ) ይፈልጋል። ከመነዳሪ ያለው ጎማ ሲበሳ አየሩን በአንዴ ይለቃል። በዝቅተኛ አየር ሲነዳ ደግሞ ጎማው ቸርኬው ላይ ይዞርና የከመነዳሪውን ቫልቭ ከሥሩ ይቆርጠዋል፤ አሸዋ ላይ ከ20 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ) በታች አለማውረድ ይሻላል።

ቀለበቱ በቦታው ሳይቀመጥ አየር ከተሞላ ተፈናጥሮ ሰው ይገድላል። ሲፈታ መጀመሪያ የቫልቩ መርፌ ይወጣና አየሩ ፈጽሞ ያልቃል፤ ከዚያ በኋላ ነው ማንሻ ብረት የሚገባው። ቀለበቱ የሚያርፍበት ቦይ በሽቦ ብሩሽ ተፍቆ ስንጥቅ እንዳለው ይታያል። ጎማው ውስጥ የተለጠፈ ወረቀት ካለ ይነሳል፤ ካልተነሳ እየተፋተገ ከመነዳሪውን ይበሳዋል። ከመነዳሪው ታልክ ተቀብቶ ትንሽ ተነፍቶ ይገባል። ቀለበቱ ከገባ በኋላ በዙሪያው ሰንሰለት ይታሰራል፣ ወይም ቀለበቱ ወደ መሬት ዞሮ ይተኛል፤ 10 ፒኤስአይ ላይ ቆም ተብሎ ዙሪያውን እኩል መቀመጡ ይታያል። አንዴ አየሩን ለቆ እንደገና መንፋት የከመነዳሪውን እጥፋት ያስተካክላል። አየር እያለው በመዶሻ የሚመታ ጎሚስታ ካጋጠመዎት መኪናውን ይዘው ይሂዱ። ከሌላ ቸርኬ የወጣ ቀለበትም፣ መጠኑ ቢመስልም፣ አይግጠሙ።

ድፍኑ 16 ብረት ከ235/85 ጋር

ለሥራ ለሚውል መኪና ምርጫችን ይህ ነው። ከፍታው ከ7.50 ጋር ስለሚቀራረብ ማርሹም የፍጥነት መለኪያውም አይለወጥም፤ ጠባብ ስለሆነ ባሌስትራም ፓራፋንጎም አይነካም። ከመነዳሪ ስለሌለው ሚስማር ሲገባበት ቀስ ብሎ ነው የሚተነፍሰው፤ ቸርኬው ሳይወርድ ከውጭ በላስቲክ ገመድ ተደፍኖ በትንሽ ኮምፕሬሰር ይነፋል። ቸርኬው 16×6 ወይም 16×7 ይሁን፤ በ5.5 ላይ 235/85 ማስገባት ጎማውን መሃሉ ላይ ቶሎ ያስበላዋል። ያገለገለ ቸርኬ ሲገዙ ጣትዎን የጎማው ጠርዝ ከሚያርፍበት ጀርባ ይስደዱ። ዙሪያውን የሚሄድ ጉብታ ከሌለው ለከመነዳሪ የተሠራ ነው፤ አየር ሲቀነስ ጎማው ወደ ውስጥ ይወድቃል። ጠርዙ የተጣመመና በመዶሻ የተቀና ቸርኬም አየር ያሾልካል። የብረት ቸርኬ ቢቀናም፣ ከብሎን ቀዳዳዎቹ አጠገብ የተበየደ ከሆነ አይግዙ።

ድክመቱ የጎማው አቅርቦት ነው። አዲስ አበባ ይገኛል፤ ከከተማ ሲርቁ ግን እንደ 7.50 በየሱቁ አይንጠለጠልም። ስለዚህ ሁለት ስኮርታ፣ ካልሆነም አንድ ስኮርታና መደፈኛ ዕቃ ይያዙ። መንገዱ ሰው በሌለበት ለሳምንታት የሚዘልቅ ከሆነ ብቻ ባለቀለበቱ ይመረጣል።

15 ኢንች ከ31×10.5 ጋር

40ው ላይ ሲታይ ያምራል፤ ብዙ ሰው የሚገዛውም ለዚሁ ነው። «15 ኢንች ቸርኬ የጎማውን ጎን ያረዝማል፣ ስለዚህ ይመቻል» የሚባለው ግን እዚህ ላይ አይሠራም። የ31ዱ ጎን 203 ሚሊ ሜትር፣ የ235/85 ደግሞ 200 ነው። ከመሬት ከፍታ 9 ሚሊ ሜትር ያህል ያጣሉ፤ መለኪያው 100 ሲል መኪናው 98 ገደማ ነው የሚሄደው። ከሁሉ የሚከፋው የጭነቱ ልዩነት ነው፤ ሃርድቶፕ ጣሪያው ላይ ዕቃ፣ ኋላው በርሜል ነዳጅ ሲጫን 1,030 ኪሎ ጠባብ ነው። የፊት ዲስክ ያለው መኪና ላይ ደግሞ የፍሬኑ ካሊፐር የቸርኬውን ውስጥ እንዳይነካ አንዱን ገጥሞ በእጅ ማዞር ግድ ነው። ለከተማና ለሰንበት ጉዞ ይሁን። 33 ኢንች ለሚያስቡ፦ ከፍታው 838 ስለሆነ ማርሹን 4 በመቶ ያረዝመዋል፤ አሮጌ ናፍጣ ሞተር ዳገት ላይ ይሰማዋል።

የ80ው አሉሚኒየም ከ265/75 ጋር ሲሆን ለአስፋልትና ለአሸዋ ጥሩ ነው። አሉሚኒየም ግን ድንጋይ ሲመታው ይሰነጠቃል እንጂ አይቀናም።

ጥርሱ

ጥቁር መረሬ ላይ ክረምት የሚነዳ ሰው ኤምቲ (ለጭቃ የተሠራ ጎማ) ያስፈልገዋል። ኤቲው (ለሁሉም ዓይነት መንገድ የተሠራው) መረሬ ላይ ጥቂት እንደሄደ ጥርሱ በጭቃ ይሞላና ሙልጭ ያለ ጎማ ይሆናል፤ ኤምቲው ሲሽከረከር ጭቃውን ይተፋል። ዋጋውን የሚያስከፍለው አስፋልት ላይ ነው፦ ይጮኻል፣ ቶሎ ያልቃል፣ በዝናብ ፍሬን ርቀቱ ይረዝማል። ለቀሪው፣ ማለትም ለጠጠር፣ ለፒስታና ለአስፋልት፣ ኤቲ ይበቃል። የአፋር ሹል ባዛልት ላይ ግን ወሳኙ ጎኑ ነው፤ ኤልቲ (LT፣ ለቀላል ጭነት መኪና የተሠራ) የሚል ጽሑፍ ያለው ጎማ ይምረጡ፣ ፍጥነትም ይቀንሱ።

አየር

ባዶ መኪና ላይ 235/85 አስፋልት ላይ 35 ፒኤስአይ አካባቢ፣ ሲጫን የኋላው እስከ 45፣ ጠጠር ላይ 28፣ አሸዋ ላይ 16–18። ልክ መሆኑን ለማየት ጠዋት ይለኩ፣ ግማሽ ሰዓት ነድተው ይድገሙ፤ ለኤልቲ ጎማ ልዩነቱ 6 ገደማ ይሁን። ከዚያ ከበለጠ ጎማው እየለመጠ እየጋለ ነው፤ አየር ይጨምሩ። ከመቀሌ ወደ ዳናኪል ሲወርዱ ከፍታው ብቻ መለኪያውን ከ3 ፒኤስአይ በላይ ይቀንሰዋል፤ ሙቀቱ ያንኑ ያህል ይመልሰዋል። ወርደው ጎማው ሲቀዘቅዝ ይለኩ እንጂ በመንገድ ላይ አይጨምሩ።

ሲገዙና ሲያስገጥሙ

የጎማው ጎን ላይ ዶት (DOT) ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ ያሉት አራት አኃዞች ዕድሜውን ይናገራሉ፤ 2319 ማለት የ2019 እ.ኤ.አ. 23ኛ ሳምንት ነው። ስድስት ዓመት ያለፈውን በየጊዜው ይመርምሩ፣ አሥር የሞላውን ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም አይግዙ። አምስት ጎማ አንድ ላይ ይግዙ፤ ፊትና ኋላው ከፍታቸው ሲለያይ ፎር ዊል ገብቶ ደረቅ መሬት ላይ የተነዳ መኪና ማስተላለፊያውን ያስጨንቃል።

ዳዶው ከቸርኬው ጋር ይሂድ። የብረት ቸርኬ ሾጣጣ ዳዶ፣ የ80ው ፋብሪካ አሉሚኒየም ደግሞ ጠፍጣፋ ሮንዴላ ያለው ዳዶ ይፈልጋል። ስኮርታው ብረት፣ ሌሎቹ አሉሚኒየም ከሆኑ ስድስት ሾጣጣ ዳዶ መኪናው ውስጥ ይኑር። ለ80ው ፋብሪካው ያዘዘው ማጥበቂያ ለብረት 147፣ ለአሉሚኒየም 103 ኒውተን ሜትር ነው። ቀለም የተቀባ ቸርኬ ከሆነ ዳዶው የሚያርፍበትን ቀለም ይፋቁት፤ ቀለሙ ሲደቅ ዳዶው ይላላል። ከተገጠመ በኋላ 100 ኪሎ ሜትር ሲነዱ እንደገና ያጥብቁ።