አንዲት ቃል ሁለት ቅዳሜ የፈጀችበት የደሴ የእንግሊዝኛ ትምህርት

ደሴ ፒያሳ አካባቢ በሚገኝ አንድ የቋንቋ ማሠልጠኛ የቅዳሜ ከሰዓት እንግሊዝኛ የተመዘገብሁት፣ ኮምቦልቻ በምሠራበት የልብስ ፋብሪካ ካፈርሁ በኋላ ነው። የውጭ አገር ተቆጣጣሪያችን ቀይ ሹራብ ይዞ ስለ ቀለሙ «ራን» (run) የሚል ቃል ሲናገር፣ የማውቀው መሮጥን ብቻ ስለ ነበር ሥራው ፈጠነ ማለቱ መስሎኝ አመሰገንሁት፤ ሰውየው ግን ቀለሙ ይለቃል ማለቱ ነበር።

ይህንኑ ለመምህሩ ስነግራቸው ቃሏን ሰሌዳው መሐል ጻፏት፤ ከዚያ በኋላ ሁለት ቅዳሜ ሙሉ አልለቀቀችንም። ትርጉም ከማስሸምደድ ይልቅ ከጎኗ ስም እየቀያየሩ፣ ለዚያ ስም ወሎዬ የትኛውን ግስ እንደሚሰጠው ይጠይቁናል። ቦርከና ከሆነ ይፈሳል፣ የስፌት መኪና ከሆነ ይሠራል፣ የደሴና የኮምቦልቻ ሚኒባስ ከሆነ ይመላለሳል፤ ሱቅ ሲሆን ማስተዳደር፣ ምርጫ ሲሆን መወዳደር ነው። በ1989 እ.ኤ.አ. በወጣው የኦክስፎርድ ትልቁ መዝገበ ቃላት ሁለተኛ እትም ረጅሙን ማብራሪያ የያዘው «ሴት» (set) የሚለው ግስ እንደ ነበር፣ ኋላ በተደረገው ክለሳ ግን «ራን» በ645 ትርጉም እንደ ቀደመው የሰማነውም ከእርሳቸው ነው። («ሴት» የሚለው ግስ በፊደላችን ሲጻፍ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።)

አንዲት ተማሪ እንግሊዝኛ ዝርክርክ ነው ብላ ብታማርር፣ መምህሩ «ቆረጠ» ብለው ጻፉላትና ከሥጋ ሌላ ምን እንደሚቆረጥ ጠየቋት። ትኬት አለች፤ ቀን፣ ተስፋ እያለች ቀጠለችና ሆድም ይቆርጣል ስትል ራሷ ሳቀች።

ቅሬታ የለኝም ማለት አይደለም። የሚታደለው ፎቶ ኮፒ ደብዛዛ ነው፤ ተማሪውም ስለሚበዛ በአፍ የመለማመጃ ተራ እምብዛም አይደርስም። ይበልጥ የቆጨኝ ግን ቃሏ ከትንንሽ ቃላት ጋር ስትጣመር የምታመጣው ትርጉም በግማሽ ሰዓት መታለፉ ነው፤ «ራን ኢንቱ» ሰውን በድንገት ማግኘት፣ «ራን ኦቨር» ደግሞ በመኪና መዳጥ ሲሆን፣ ሁለቱን ማምታታት ቀላል ስሕተት አይደለም። ለጀማሪ ይከብዳል፤ ጥቂት እያወቀ ሥራ ቦታ ላይ ለሚደናበር እንደ እኔ ላለ ሰው ግን ክፍያው አያስቆጭም።

ባለፈው ሳምንት ያው ተቆጣጣሪ ያችኑ ቃል ሲያነሣ አስቀድሜ ያየሁት እጁን ነው። የምርት መዝገብ ይዞ ነበርና አንድ ዙር ምርት ማለቱ እንደ ሆነ ገባኝ፤ በዚህ ጊዜ አላመሰገንሁትም፣ ስንት ሹራብ እንደሚፈልግ ጠየቅሁት።