አራት ኪሎ ላሉት ዶክተር እና ለላብራቶሪ ባለሙያዋ፦ እግዚአብሔር ይስጥልን

ሰላም ለሁላችሁ። ይህን የምጽፈው ለማመስገን ነው። አንገታቸው ላይ እብጠት ወጥቶ የት እንደሚሄዱ ግራ ለገባቸው ሰዎችም ልጠቁም ብዬ ነው። አራት ኪሎ አካባቢ ባለ አንድ ክሊኒክ የሚሠሩ ሁለት ሰዎች፣ አንድ ዶክተር እና አንዲት የላብራቶሪ ባለሙያ፣ ለታናሽ እህቴ ያደረጉላትን ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ስማቸው እንዲወጣ ስላልፈለጉ እዚህ አልጽፈውም። የምትፈልጉ በኢንቦክስ ጠይቁኝ፣ ክሊኒኩን አሳያችኋለሁ።

እህቴ በግራ አንገቷ በኩል፣ ከመንጋጋዋ ዝቅ ብሎ፣ እጢ አበጠባት። አያማትም፣ አይቀላም። ሰፈር ውስጥ ንፍፊት ነው ተባለ፣ በቅቤ ይታሽ ያሉም ነበሩ። ቆይቶ አጠገቡ ሌላ ወጣ፣ ከዚያ ሁለቱ ተያያዙ። ማታ ማታ ያልባታል። ልብሷ ሰፋት። መጀመሪያ የሄድንበት ቦታ፣ ስሙን አልጠራም፣ አንገቷን እንኳ በእጅ ሳይነካ ደም ወስዶ ታይፎይድ እና ታይፈስ አለብሽ ብሎ አንቲባዮቲክ ሰጣት። ጨርሳ ብትመለስ ሌላ አንቲባዮቲክ አዘዘላት። እጢው ግን ንቅንቅ አላለም። በዚህ መሀል አንድ መድኃኒት ቤት «ፕሬድኒሶሎን ብትወስድ እብጠቱ ይቀንስላታል» አላት። እንኳንም አልወሰደች። ኋላ ዶክተሩ እንደነገሩን እንዲህ ያለ መድኃኒት ናሙና ሳይወሰድ ከተጀመረ የእጢ ካንሰር ቢኖር ሊደብቀው ይችላል።

ወደ አራት ኪሎ የላከን የሥራ ባልደረባዬ ነው። ዶክተሩ መጀመሪያ ያደረጉት ነገር መዳሰስ ነበር። አንገቷን በሁለቱም በኩል፣ ከአጥንቱ በላይ ያለውን ጎድጓዳ፣ ብብቷን፣ ብሽሽቷን ሁሉ። ሆዷን ጫን ጫን አድርገው ጉበቷን እና ጣፊያዋን አዩ። ስንት ጊዜ ሆነው? ክብደት ቀንሰሻል? ሳል አለ? ቤት ውስጥ ቲቢ የታከመ ሰው ነበር? ጥርስሽን ያምሻል? ከዚያ ነው ወረቀት ያነሱት። ያዘዙት ደግሞ የትኛውም ላብራቶሪ የሚሠራው ተራ ምርመራ ነው፦ ሲቢሲ (የደም ሴሎች ቆጠራ)፣ ኢኤስአር (ቀይ የደም ሴሎች የሚወርዱበት ፍጥነት)፣ ደሙን ስላይድ ላይ አድርጎ በማይክሮስኮፕ ማየት፣ የጉበት እና የኩላሊት ምርመራ። ቲቢ ለሚጠረጠር ሁሉ የሚደረግ መሆኑን ነግረዋት የኤችአይቪ ምርመራም በፈቃዷ ተጨመረ። የደረት ራጅም አዘዙ።

እናቴ «ዶክተር፣ ደሙ ሕመሙን ይነግረናል?» አለቻቸው። እሳቸውም ቀስ ብለው አስረዷት። «እናቴ፣ ደሙ ወዴት እንደምንሄድ ይጠቁመናል። እጢው ምን እንደሆነ ግን ከእጢው ራሱ ነው የምናውቀው።» ከዚያ ሲቢሲውን በዓይነት በዓይነቱ ነገሩን። ነጭ የደም ሴል ሲበዛ የትኛው ዓይነት እንደበዛ ይታያል። ኒውትሮፊል ከጨመረ ብዙ ጊዜ የባክቴሪያ ኢንፌክሽን ይታሰባል፣ የጉሮሮም የጥርስም ሊሆን ይችላል። ሊምፎሳይት ከበዛ እና መልኩ ከተለወጠ ቫይረስ ይጠረጠራል። ያልበሰሉ ሴሎች ከታዩ ወይም ቀይ ደሙም ደም እንዲረጋ የሚያደርገው ፕሌትሌትም አብረው ከወረዱ ነገሩ ወደ ደም ካንሰር ሊያመራ ስለሚችል ጊዜ አይሰጥም። ሁሉም ደህና ቢሆን እንኳ፣ አሉ፣ ቲቢም የእጢ ካንሰርም ሲቢሲ ሳይነካ ሊቀመጥ ይችላልና «ደምሽ ንጹህ ነው፣ ወደ ቤትሽ ሂጂ» አልላትም።

አሁን ወደ ላብራቶሪ ባለሙያዋ ልምጣ። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው በዋናነት ለእሷ ነው።

ደሙን ሐምራዊ ክዳን ባለው ቱቦ ወሰደች። ቱቦውን አልነቀነቀችውም፣ ቀስ እያለች ታገለባብጠዋለች። ውጤት ስንጠብቅ ወረቀት ይዞ የሚመጣ ሰው ነበር የጠበቅነው። የመጣችው ግን ራሷ ናት፣ ጓንቷን እንዳጠለቀች። ማሽኑ የእህቴን ፕሌትሌት 48,000 ብሎታል። የጤነኛ ሰው ከ150,000 እስከ 450,000 ነው። አንገት ላይ እጢ፣ የሌሊት ላብ፣ ከዚያ ይህ ቁጥር! ያ ወረቀት እንዲሁ እጃችን ገብቶ ቢሆን እናቴ እዚያው ነበር የምትወድቀው። ልጅቷ ግን «ቁጥሩ ስላላሳመነኝ በዓይኔ አየሁት። ፕሌትሌቶቹ አላነሱም፣ ተጣብቀው ነው። በሌላ ቱቦ ትንሽ ደም ልውሰድ፣ ክፍያ የለውም» አለች።

እንዳይም ፈቀደችልኝ። ስላይዱ ጠርዝ ላይ ሐምራዊ ነጠብጣቦች በደንብ እንዳልተማሰለ ሽሮ ተጓጉለዋል። ቱቦው ውስጥ ደም እንዳይረጋ የሚደረግ ኢዲቲኤ የሚባል ነገር አለ። አንዳንድ ሰው ላይ ይህ ነገር ፕሌትሌቶቹን ያጣብቃቸዋል፣ ማሽኑም የተጣበቁትን ለይቶ መቁጠር ስለማይችል ቁጥሩን ያሳንሰዋል። ሕመም አይደለም፣ የሚፈጠረውም ቱቦው ውስጥ ነው። ሁለተኛውን ደም ሲትሬት ባለው ባለ ሰማያዊ ክዳን ቱቦ ወስዳ ወዲያው ማሽን ውስጥ አስገባችው። ሲትሬቱ ፈሳሽ ስለሆነ ደሙን ትንሽ ያቀጥነዋል፣ ስለዚህ የወጣውን ቁጥር በ1.1 ታባዛዋለች። ከ230,000 በላይ ሆነ። ማንም ሳያዛት፣ ወረፋ የሚጠብቅ ሰው ሞልቶ እያለ፣ አንድን ቁጥር አላምንም ብላ ወንበሯ ላይ ተመልሳ ተቀመጠች። ዶክተሩ ራሳቸው የመጀመሪያው ቁጥር እውነት ቢሆን ኖሮ የመቅኒ ምርመራ ማሰባቸው እንደማይቀር ነግረውናል። ወጪውን ተዉት፣ ጭንቀቱ ብቻ!

ኢኤስአሩን ስንጠብቅም ሰዓቷን አልሸራረፈችም። ደሙ በቀጭን ቱቦ ቀጥ ብሎ ቆሞ በአንድ ሰዓት ውስጥ ቀይ ሴሎቹ ስንት ሚሊሜትር እንደወረዱ ነው የሚነበበው፤ ቀድሞ ከተነበበ ውሸት ነው የሚሆነው። የእህቴ 88 ወጣ፣ ከፍተኛ ነው። ሄሞግሎቢኗ ትንሽ ዝቅ ብሏል። ስላይዱ ላይ ያልበሰለ ሴል የለም። ራጇ ንጹህ ነው።

ዶክተሩ ኢኤስአሩን ይዘው ቲቢ ነው አላሉም። ኢኤስአር በብዙ ነገር ይጨምራል፣ ሰውነት ውስጥ ቁጣ (ብግነት) እንዳለ እንጂ የምን ቁጣ እንደሆነ አይለይም። እኔ ቲቢን በደም የሚያሳይ ምርመራ ካለ ይሠራላት ብዬ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት በ2011 እ.ኤ.አ. ደም ውስጥ ፀረ እንግዳ አካል እየፈለጉ ንቁ ቲቢን የሚለዩ ምርመራዎችን አትጠቀሙ ብሎ እንደነበር፣ ምክንያቱም የሌለውን አለ፣ ያለውን የለም እያሉ ስላስቸገሩ እንደሆነ ነገሩኝ። ገንዘቤን ከእጄ አልወሰዱም።

ሪፈር ጽፈው ወደ መንግሥት ሆስፒታል ላኩን። እዚያ በቀጭን መርፌ ከእጢው ናሙና ተወሰደ፣ ኤፍኤንኤ የሚሉት ነው፣ በጣም አያምም ብላለች እህቴ። ከፊሉ በማይክሮስኮፕ ታየ፣ ከፊሉ የቲቢን ተህዋሲ በዘረመሉ በሚለየው ጂን ኤክስፐርት በሚባል ማሽን ተመረመረ። የእጢ ቲቢ ነው። ተህዋሲው ሪፋምፒሲን የሚባለውን ዋና መድኃኒት አልተላመደም።

ሕክምናው በነፃ ነው፣ በሰፈራችን ጤና ጣቢያ። ስድስት ወር ነው፣ ሁለት ወር አራት ዓይነት መድኃኒት፣ ከዚያ አራት ወር ሁለት ዓይነት። ጉበቷ ቀድሞ መታየቱም ለዚሁ ጠቀመ፣ መድኃኒቱ ጉበት ላይ ሊከብድ ይችላልና። ውጤቱን ሰምታ እህቴ የራሷን ሳህን እና ብርጭቆ ለይታ ማስቀመጥ ጀምራ ነበር። እናቴ ይህን ለዶክተሩ ስትነግራቸው ደውለውላት «ሳንባሽ ንጹህ ነው፣ የእጢ ቲቢ ብቻውን ከሰው ሰው አይተላለፍም፣ ከእናትሽ ጋር ብዪ» አሏት። ያን ቀን ማታ ከአንድ ትሪ በላን። መድኃኒት ከጀመረች በኋላ አንዱ እጢ ጨምሮ ነበር። ይህ ሊሆን እንደሚችል አስቀድመው ስለነገሩን አላቋረጠችም። አሁን ሁለቱም እየሟሸሹ ነው፣ ምግብም ትበላለች።

ዶክተር፣ እድሜ ይስጥልን። አንቺም እህቴ፣ እጅሽ ይባረክ፣ ዓይንሽም ይባረክ።

እዚያ የምትሄዱ ሰዎች፣ ለሲቢሲ እና ለኢኤስአር መጾም አያስፈልግም፣ ቁርሳችሁን በልታችሁ ሂዱ። ሌላ ቦታ የተሠራ የደም ውጤት ካላችሁ አትጣሉት፣ ዶክተሩ ከአዲሱ ጋር ያስተያዩታል። የወሰዳችሁትን መድኃኒት ካርቶንም ያዙ። እብጠቱ ከሁለት ሦስት ሳምንት በላይ ከቆየ፣ ከጠጠረ ወይም ከአንገት አጥንት በላይ ባለው ጎድጓዳ ከወጣ ደግሞ ነገ ዛሬ አትበሉ።