ዲኤክሴን ሞተር ከመውረድ ያዳኑልኝ መካኒክ

ጽሁፉ ትንሽ ረዘም ይላል። አሮጌ መኪና ያላችሁ ግን ታገሱኝ።

የምኖረው ሱሉልታ ነው። የምነዳው ከአባቴ የወረስኳትን ዲኤክስ ኮሮላ ነው። በእድሜ ስለምትበልጠኝ አንቱ ልላት ሁሉ ይገባኛል። ባለፈው ወር ከአዲሱ ገበያ ወደ ሱሉልታ በሚወጣው ዳገት ላይ ሁለት ጊዜ ፈላችብኝ። በሁለተኛው ቀን ዝናብ ነበር። ከኋላዬ አይሱዙ ጥሩምባውን ያምባርቃል፣ ከኮፈኑ ስር ደግሞ እንፋሎቱ ይትጎለጎላል።

አንድ ጋራዥ ወሰድኳት። ገና በወጉ ሳያዩዋት «የቴስታታ ጓርኒሲዮን ነው፣ ሞተር ይወርዳል» አሉኝ። ጓርኒሲዮን ማለት በሞተሩ ራስና በአካሉ መሃል ያለው ማሸጊያ ነው፤ ሲበላሽ ውሃው ከዘይቱ ሊቀላቀል ይችላል። የጠሩልኝን ዋጋ ሰምቼ እንቅልፍ አጥቼ አደርኩ።

ጎረቤቴ ነው «መጀመሪያ እሳቸው ይዩልህ» ያለኝ። ከአስፋልቱ ወረድ ብሎ በቆርቆሮ የታጠረ ግቢ ነው፤ ታፔላ እንኳ የለውም። ሁሉም ሰው «ጋሼ» ይላቸዋል። መኪናዋን አቁሜ ቁልፉን ስሰጣቸው «ሞተሩ ትኩስ ነው ልጄ፤ እዚሁ ትደር» አሉኝ።

በማግስቱ ጠዋት መጀመሪያ የዘይት መለኪያውን ዘንግ አወጡ። በጨርቅ ጠርገው መልሰው ከተቱና እንደገና አወጡት። «ጠቁሯል፣ ይቀየራል። ውሃ ገብቶበት ቢሆን ግን ማኪያቶ ነበር የሚመስለው» አሉ። እሱ ብቻውን አላሳመናቸውም። የራዲያተሩን ክዳን ከፍተው ሞተሩን አስነሱና ጎንበስ ብለው ውሃውን ብዙ ደቂቃ አዩት። አረፋ የለም። ጓርኒሲዮኑ ደህና ነው!

ከዚያ ክዳኑን ገልብጠው አሳዩኝ። ጎማው ደርቆ ተሰነጣጥቋል፣ ስፕሪንጉ ላልቷል። ለካ ጉዱ እዚህ ነበር። አዲስ አበባ ከባህር ወለል 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃ እዚህ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ሱሉልታ ደግሞ ከዚያም ከፍ ትላለች። ክዳኑ ግፊቱን ይዞ ካላቆየው ራዲያተሩ ውስጥ ያለው ውሃ ቶሎ ይፈላል፣ ዳገት ላይ ደግሞ ይብሳል። እኔ ክዳን ማለት ክዳን ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ቺንጊያውንም በአውራ ጣታቸው ተጫኑት፤ ሰመጠ። የውስጥ ፊቱን ሲያዞሩት ዳር እስከ ዳር ተሰነጣጥቋል። በኔ መኪና ዲናሞውንም የውሃ ፓምፑንም የሚያዞረው እሱ ነው። ቢበጠስ ኖሮ መንገድ ላይ ነበር የምቀረው። ራዲያተሩ ውስጥ ያለው ውሃም ዝገት ሆኗል፤ ለዓመታት የቧንቧ ውሃ ስሞላ ኖሬ ምን ልጠብቅ!

ዕቃ አይሸጡም። «ሶማሌ ተራ ሄደህ ራስህ ግዛ» ብለው ላኩኝ። «ክዳኑ ላይ የግፊቱ ልክ 0.9 የሚል ይኑረው። ከዚያ የበለጠ ቢሰጡህ እሺ እንዳትል፣ ያረጀ ራዲያተር አይችለውም» አሉኝ። ክዳን፣ ቺንጊያ፣ ኩላንትና ዘይት ይዤ ተመለስኩ። የባትሪውን ራስ የወረሰውን ነጭ ነገር በሙቅ ውሃ አጠቡልኝ። የፍሬን ዘይት መቀነሱን ሲያዩ ግን ዝም ብለው አልሞሉም፤ ጎማ አውልቀው ሸራው መሳሳቱን አሳዩኝ። ለእጅ 700 ብር ከፈልኩ።

እውነቱን ለመናገር ጋሼ ቀርፋፋ ናቸው። ወሬም ይወዳሉ፤ ቀኑ ሙሉ ሄደብኝ። ስልክ አያነሱም። ከተቸኮላችሁ አይሆኗችሁም።

ሦስት ሳምንት ሆነኝ። ያንኑ ዳገት በየቀኑ እወጣለሁ፤ የሙቀት ጌጁ ከግማሽ በታች ነው። ጋሼ፣ እድሜ ይስጥልኝ!

አድራሻቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ። ማታ አድርሳችሁ አሳድሯት፤ ትኩስ ሞተር ላይ ክዳን አይከፍቱም።