ፕሪየስ ፕራይም፦ ወጪው በመኪናው ሳይሆን በሶኬቱ ይወሰናል

በሶኬት የሚሞላ ሃይብሪድ (ቤንዚንም ኤሌክትሪክም የሚጠቀም) መኪና በወር ስንት ያስወጣል ብሎ ለሚጠይቀኝ ሁሉ፣ ከመልሴ በፊት ጥያቄ አለኝ፦ «መኪናው በሚያድርበት ቦታ ሶኬት አለ?» አለ የሚለኝን ያለማመንታት ግዛው እለዋለሁ። የለም የሚለኝን ደግሞ ገንዘቡን እንዲቆጥብና ሶኬት የማያስፈልገውን ተራ ሃይብሪድ እንዲመርጥ እመክረዋለሁ።

የምነዳው የ2023 ሞዴል ቶዮታ ፕሪየስ ፕራይም ነው፤ ባለ 17 ኢንች ጎማው። 13.6 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪና ባለ 2 ሊትር የቤንዚን ሞተር አለው። በአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ምዘና መሠረት ባትሪው ሙሉ ሲሆን 71 ኪሎ ሜትር ያህል ያለ ቤንዚን ይሄዳል። ባትሪው ሲያልቅ ደግሞ በ100 ኪሎ ሜትር 4.5 ሊትር ገደማ ይፈጃል። በከተማ ውስጥ፣ ፍሬን በረገጥሁ ቁጥር ኃይሉ ወደ ባትሪው ስለሚመለስ፣ 71 ኪሎ ሜትሩን ማግኘት አይቸግረኝም። በአውራ ጎዳና በሰዓት 120 ስነዳ ግን ባትሪው ዓይኔ እያየ ይሟጠጣል። ከፊት የሚገጥመው አየር ከፍጥነቱ በላይ እየከበደ ስለሚሄድ፣ ረጅም መንገድ ላይ የሃይብሪዱን ቁልፍ ተጭኜ ሞተሩ እንዲሠራ አደርጋለሁ፤ ባትሪውን ለምደርስበት ከተማ አስቀምጠዋለሁ። ይህን አንድ ልማድ የያዘ ሰው ልዩነቱን ማደያ ላይ ያየዋል።

ዳሽቦርዱ ላይ የሚወጣው የነዳጅ አማካይ ብዙ ሰው ያሳስታል። በ100 ኪሎ ሜትር 1.2 ሊትር የሚል ቁጥር ማየት ደስ ያሰኛል፤ ነገር ግን ያ ቁጥር የሚቆጥረው ቤንዚኑን ብቻ ነው፤ የኤሌክትሪኩ ሒሳብ ውስጡ የለም። እኔ በሶኬቱና በገመዱ መካከል አነስተኛ ቆጣሪ አስገብቻለሁ። መኪናው ከ13.6ቱ የተወሰነውን ምንጊዜም ስለማይነካው፣ «ባዶ» የሚባለውን ባትሪ ለመሙላት ከግድግዳው የሚወጣው ኃይል 11 ተኩል ኪሎ ዋት ሰዓት አካባቢ ነው፤ ባትሪው ውስጥ የሚገባው ከዚያ ያንሳል፤ ቀሪው በመሙላቱ ሂደት ሙቀት ሆኖ ይጠፋል። ቤት የሚመጣው ሒሳብ ግን የጠፋውንም ይጨምራል። ስለዚህ ወጪ ሲሰላ መነሻው የግድግዳው ቁጥር መሆን አለበት፤ ይኸውም በ100 ኪሎ ሜትር 16.5 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ነው።

ከዚህ በኋላ ስሌቱ ቀላል ነው። የአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ዋጋ በ3.7 (16.5 ለ4.5 ሲካፈል የሚገኘው) ይባዛ። የተገኘው ከአንድ ሊትር ቤንዚን ዋጋ ካነሰ ኤሌክትሪኩ ያዋጣል፤ ከበለጠ ቤንዚኑ ይረክሳል። የቤት ታሪፍ፣ በተለይ ሌሊት የሚቀንስ ከሆነ፣ አብዛኛውን ጊዜ ይህን ፈተና በሰፊ ልዩነት ያልፋል። በመንገድ ዳር ባሉ የሕዝብ መሙያዎች ግን ዋጋው ከቤቱ ብዙ እጥፍ ሊሆን ስለሚችል፣ አንዳንዱ ቦታ ላይ ገመዱን ባልሰካው ይሻለኛል። እንዲህ ቁጥብ የሆነ ሞተር ያለው መኪና ውድ ኤሌክትሪክ አይታገሥም።

ሰው ሁሉ ገመዱን እንደማይሰካ ደግሞ የታወቀ ነው። የአውሮፓ ኮሚሽን ከመኪናዎች የተሰበሰበ መረጃ መርምሮ በ2024 ባወጣው ዘገባ፣ በሶኬት የሚሞሉ ሃይብሪዶች በእውነተኛ መንገድ ላይ የሚያወጡት ካርቦን ዳይኦክሳይድ በላቦራቶሪ ከተመዘገበላቸው በአማካይ 3.5 እጥፍ ነበር። ምክንያቱም ባለቤቶቹ ከተገመተው ያነሰ ጊዜ ስለሚሞሏቸው ነው። እነዚህን መኪናዎች «ውሸት ናቸው» ብለው ለሚያጣጥሉ ሰዎች ይህ ዘገባ ማስረጃ ሆኗል። እኔ አልስማማም። ሲሞላ ቃሉን የሚጠብቅ መኪና ባለቤቱ ባለመሙላቱ ሊወቀስ አይገባም። ወቀሳው የሚገባው በላቦራቶሪ ቁጥር ብቻ ለሚያሻሽጥ ሰው ነው።

ጥገናው ቀላል ነው፤ ግን ጭራሽ የለም ማለት አይደለም። ሞተር እስካለ ድረስ ዘይቱ ይቀየራል፤ ኪሎ ሜትሩ ባይሞላ እንኳ ጊዜው ሲደርስ። የፍሬን ሸራ ግን አብዛኛውን የማቆም ሥራ የኤሌክትሪክ ሞተሩ ስለሚወስድለት ዕድሜው ይረዝማል። ቤንዚን ለወራት ታንክ ውስጥ ሲተኛ ጥራቱን ስለሚያጣ፣ 40 ሊትሩን ታንክ ሞልቼ አላስቀምጥም፤ ግማሽ ይበቃኛል።

ገዢ ልብ ሊለው የሚገባ ሌላም ነገር አለ፦ ቸርኬው። ያው መኪና ባለ 19 ኢንች ጎማ ሆኖ ሲመጣ በአንድ ሙሌት የሚሄደው ወደ 63 ኪሎ ሜትር ይወርዳል፤ ቤንዚኑም በ100 ኪሎ ሜትር ወደ 4.9 ሊትር ይጠጋል። ለመልክ ብቻ ይህን ያህል መክፈል ለእኔ አይዋጥልኝም፤ ትልቁ ጎማ ሲያልቅ የሚተካበት ዋጋም ይጨምራል።

ያገለገለ ለሚገዛም አንድ ምክር አለኝ። በአውሮፓ ኅብረት ከ2021 ጀምሮ አዲስ የተመዘገቡ መኪናዎች የፈጁትን ጠቅላላ ነዳጅ በራሳቸው ይመዘግባሉ፤ በሶኬት የሚሞሉት ደግሞ ሞተሩ ጠፍቶ የተጓዙትን ኪሎ ሜትርና ከሶኬት የወሰዱትንም ኃይል ይጨምራሉ። ጋራዥ ውስጥ ያ ምዝገባ እንዲነበብ ይጠየቅ። ገመዱ ፈጽሞ ያልተፈታ ሆኖ ከተገኘ፣ ሞተሩ ሻጩ ከሚለው በላይ ሠርቷል ማለት ነውና ዋጋው ላይ በዚያ ልክ መደራደር ይቻላል።