ሞጋሚ 2524 በኒውትሪክ ጃክ፦ ባለ 5 ሜትር የጊታር ኬብል ከ14 ወር አገልግሎት በኋላ

ይህ ኬብል ተሠርቶ ያለቀ ሆኖ ከሱቅ የተገዛ አይደለም። የጃፓኑ ሞጋሚ 2524 ገመድ 5 ሜትር ተቆርጦ፣ ሁለት የኒውትሪክ ኤን ፒ 2 ኤክስ ጃክ ለብቻው ተገዝቶ፣ ቤት ውስጥ የተበየደ ነው። አሜሪካ ውስጥ ሁሉም በችርቻሮ ሲገዛ ከ30 እስከ 35 ዶላር አካባቢ ይወጣል። በዚሁ ገመድ ፋብሪካ የሠራው ኬብል የዚህን እጥፍ ገደማ ይጠይቃል። ከውጭ ለሚመጣ ዘመድ ማስያዝም አይከብድም፤ ጥቅልሉ ከነጃኮቹ ግማሽ ኪሎ አይሞላም።

ባለፉት 14 ወራት በሳምንት ሦስት ጊዜ ያህል፣ ሁለቴ ለልምምድ አንዴ ለእሑድ አገልግሎት፣ ተዘርግቶ ተጠቅልሏል። ሲደመር ከ180 ጊዜ አያንስም። በጫማ ተረግጧል፣ የአምፕ ጎማ ሄዶበታል፣ እግር ጠልፎት ከጊታሩ ተነቅሏል። ገመዱ ራሱ ዛሬም ደህና ነው። የተበላሸው አንድ የብየዳ ነጥብ ብቻ ሲሆን፣ ጥፋቱም የበያጁ እንጂ የዕቃው አልነበረም፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

መጀመሪያ ድምፁ። ስለ ኬብል ድምፅ ብዙ የተጋነነ ነገር ይወራል፣ ስለዚህ ቁጥሩን ማየት ይሻላል። ፒክአፕ የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው የጊታሩ ክፍል ነው። ፓሲቭ ፒክአፕ፣ ማለትም ባትሪ የማይፈልገው፣ በሺህ የሚቆጠር ዙር የተጠመጠመ ቀጭን ሽቦ ስለሆነ ትልቅ ኢንዳክታንስ፣ ማለትም ፈጣን የኤሌክትሪክ ለውጥን የመቃወም ጠባይ፣ አለው። ኬብሉ ደግሞ በመሐል ሽቦውና ዙሪያውን በሚያለብሰው ሺልድ መካከል ካፓሲታንስ፣ ማለትም ጥቂት ኤሌክትሪክ የማጠራቀም ጠባይ፣ ይይዛል። ሁለቱ ሲገናኙ ፊልተር ይፈጥራሉ፤ አንድ ፍሪኩዌንሲ ላይ ድምፁን ከፍ ያደርጉና ከዚያ በላይ ያለውን ይቆርጣሉ። ኬብሉ በረዘመ ቁጥር ይህ ከፍታ ወደ ታች ይወርዳል፣ ድምፁም ይደፈናል።

የ2524 ካፓሲታንስ በሜትር 130 ፒኮፋራድ ነው (ፒኮፋራድ የካፓሲታንስ፣ ሄንሪ የኢንዳክታንስ መለኪያ ነው)። ፒክአፑ 2.5 ሄንሪ ነው እንበል፣ የራሱን 100 ፒኮፋራድ ያህልም እንጨምርለት። ሲሰላ በ3 ሜትር ኬብል ከፍታው 4.5 ኪሎኸርዝ አካባቢ ይውላል፤ በ5 ሜትር 3.7፤ በ10 ሜትር 2.7። በ3ና በ5 ሜትር መካከል ያለውን ልዩነት የለመደ ጆሮ ይለየዋል፣ ግን የአምፑን ትሬብል ጥቂት ከፍ በማድረግ ይካካሳል። 10 ሜትር ላይ ነገሩ ሌላ ነው። ትዝታን በንጹሕ ቶን፣ ያለ ምንም ዲስቶርሽን ሲጫወቱት ፒኩ ክሩን የሚነካበት ያ ጥርት ያለ መነሻ ይጠፋል። ትሬብል ቢጨመር የሚመጣው ሽሽ የሚል ጫጫታ እንጂ ያ ጥራት አይደለም።

ስለዚህ ከብራንዱ በፊት ርዝመቱን ወስኑ። ቤት ለሚለማመድ 3 ሜትር፣ ለመካከለኛ መድረክ 5 ሜትር በቂ ነው። “ለማንኛውም ይርዘም” ብሎ 10 ሜትር የሚገዛ ሰው ለሽቦው ተጨማሪ ከፍሎ ትሬብሉን ይቀንሳል። የካናሬ ጂ ኤስ 6 በሜትር 160 ፒኮፋራድ ነው፤ ሲንግል ኮይል (ባለ አንድ ጥምጥም ፒክአፕ) ጊታሩ ጆሮ የሚወጋበት ሰው ይህን ቢመርጥ አልቃወምም። የጀርመኑ ሶመር ስፒሪት ኤል ኤል ኤክስ ደግሞ 52 ገደማ ስለሆነ 10 ሜትሩ 520 ብቻ ይሆናል፣ ከዚህ ባለ 5 ሜትር ኬብል (650) እንኳ ያንሳል። ረጅም ኬብል ግድ ለሆነበት ሰው ዋጋውን የሚያጸድቀው ይህ ነው። ጊታሩ አክቲቭ ፒክአፕ ካለው፣ ወይም ከጊታሩ ቀጥሎ በፈር (ሲግናሉን የሚያጠነክር ሰርኪዩት) ያለው ፔዳል ካለ፣ ከዚያ በኋላ ያለው ኬብል ካፓሲታንስ አያሳስብም፤ ያኔ ጥንካሬውን ብቻ እያዩ መግዛት ነው።

እዚህ ላይ ኬብል ያለ ጥፋቱ የሚወቀስበት አንድ ነገር አለ። በብዙ አዳራሽና ቤተ ክርስቲያን ጊታር አምፕ ስለሌለ በቀጥታ ሚክሰር ላይ ይሰካል። የሚክሰር ላይን መግቢያ ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 20 ኪሎ ኦም ነው፣ ፓሲቭ ጊታር ግን 1 ሜጋ ኦም ያህል ይፈልጋል። መግቢያው ፒክአፑን ይጫነዋል፣ ድምፁ አንሶና ደንዝዞ ይወጣል፣ “ኬብሉ ነው” ይባልና ሌላ ኬብል ይገዛል። የትኛውም ኬብል ይህን አያድንም። መፍትሔው ዲአይ ቦክስ፣ ማለትም የጊታሩን ሲግናል ለሚክሰር የሚያመቻች ትንሽ ሳጥን፣ ነው፤ ከጊታሩ እስከ ቦክሱ በአጭር የጊታር ኬብል፣ ከቦክሱ እስከ ሚክሰሩ በማይክ ኬብል። አንዳንድ ሚክሰር ላይ አንድ ወይም ሁለት ቻናል የጊታር መቀየሪያ ቁልፍ አለው፤ ካለ እሱን መጫን ነው። ፒዬዞ (ንዝረትን ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይር ክሪስታል ፒክአፕ) የተገጠመለት የኤሌክትሪክ ክራር ደግሞ ሌላ ጠባይ አለው፦ ረጅም ኬብል ትሬብሉን ሳይሆን የድምፁን መጠን ይቀንስበታል፣ ኦሙ ዝቅተኛ የሆነ መግቢያ ደግሞ ቤዙን ይበላበታል። ለክራር ቦክሱ አክቲቭ፣ ማለትም በኤሌክትሪክ የሚሠራ፣ ቢሆን ይመረጣል።

አሁን ወደ ብልሽቱ። 9ኛው ወር ላይ አምፕ በኩል ያለው ጫፍ ሲነካ ጭርጭር ማለት ጀመረ፣ ቀጥሎም ድምፁ ሳይጠፋ ከባድ ሃም፣ ማለትም እምም የሚል የመብራት ጩኸት፣ መጣ። ምልክቱ ራሱ ቦታውን ይናገራል። የመሐል ሽቦው ቢበጠስ ዝም ይላል፤ ሺልዱ ቢለቅ ግን ይጮኻል፣ እኛ አገር መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ በዚያው ድምፅ። ጊታሩን ሲይዙት የሚቀንስ፣ ሲለቁት የሚጨምር ሃም ግን በአብዛኛው የኬብል አይደለም፤ የጊታሩ ውስጥ መከለል ማነስ ነው። ጃኩ ሲከፈት የሺልዱ ብየዳ አመድማ ሆኖ፣ ላዩ ሸካራ፣ እንደ ተጠቀለለ ጭቃ ክብ ብሎ ተቀምጦ ነበር። በወረንጦ ሳብ ሲደረግ ሽቦው ከነሊዱ እንደ ክዳን ተነሳ። ከሥር ያለው ብረት ንጹሕ ነበር፤ ሊዱ ጭራሽ አልያዘውም። ምክንያቱ ሙቀት ማነስ ነው። የጃኩ አካል ወፍራም ብረት ስለሆነ ሙቀቱን ይስባል፣ ባለ 30 ዋት ቀጭን ጫፍ መበየጃ ደግሞ ሊዱን ያቀልጣል እንጂ ብረቱን አያሞቀውም። በባለ 60 ዋት፣ ጫፉ ሰፋ ባለ መበየጃ፣ 350 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ እንደገና ሲበየድ በ3 ሰከንድ ያዘ። ከዚያ ወዲህ አንድ ጊዜም አላስቸገረም።

ለሚሠራ ሰው ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው። የጃኩን ሽፋንና የፕላስቲክ መቆንጠጫ ከብየዳው በፊት ኬብሉ ላይ አስገቡ፤ ይህን የረሳ ሰው ብየዳውን አፍርሶ ይደግማል። የውጩን ላስቲክ 15 ሚ.ሜ ያህል በምላጭ ዙሪያውን ጫን ሳትሉ ቁረጡና ሰብራችሁ ሳቡት፤ ምላጩ ከገባ የሺልዱን ቀጫጭን ሽቦዎች ይቆርጣል። 2524 ላይ ሺልዱ የተሸመነ ሳይሆን የተጠመጠመ ስለሆነ በጣት ብቻ ተፈትቶ አንድ ላይ ይገመዳል። ከሥሩ ጥቁር ስስ ሽፋን ይወጣል።

እዚህ ቆም በሉ። ያ ጥቁር ነገር ተራ ፕላስቲክ ይመስላል፣ ግን ካርቦን የተቀላቀለበት፣ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ነው። ሥራው ኬብሉ ሲረገጥና ሲወዛወዝ የሚፈጠረውን ጓ ጓ የሚል ድምፅ መዋጥ ነው፤ ይህ ኬብል መድረክ ላይ ሲጎተት ዝም የሚለው በእሱ ምክንያት ነው። ነገር ግን ጫፉ የመሐል ሽቦውን ወይም የጃኩን መሐል ምላስ ከነካ ሲግናሉ ወደ ሺልዱ ይፈሳል። ኬብሉ ይሠራል፣ ድምፁ ግን ደካማና ደፈን ያለ ይሆናል፣ ምክንያቱም አይታወቅም። ስለዚህ ጥቁሩን እስከ ውጩ ላስቲክ ድረስ ልጣችሁ አንሱት፣ ከሥሩ ያለው ነጣ ያለው ኢንሱሌሽን ብቻ ይቅር። ከዚያ የመሐል ሽቦውን 4 ሚ.ሜ ላጡ፣ መጀመሪያ ሽቦውንም ብረቱንም ለየብቻ ሊድ አቅምሱ፣ ከዚያ አገናኙ። 60/40 የሆነ (60 በመቶ ቆርቆሮ፣ 40 በመቶ እርሳስ) 1 ሚ.ሜ ሊድ ጥሩ ነው። ብየዳው ሲቀዘቅዝ ኬብሉን አታንቀሳቅሱ። መቆንጠጫው የሚይዘው የውጩን ላስቲክ መሆን አለበት፤ ሽፋኑ በእጅ እስከሚችለው ድረስ ይጥበቅ። ኤን ፒ 2 ኤክስ ከ4 እስከ 7 ሚ.ሜ ውፍረት ያለው ኬብል ይቀበላል፣ 2524 ደግሞ በዚሁ መካከል ስለሆነ ጥብቅ ብሎ ይገባል። ቀጭን ኬብል ላይ ይህ ጃክ ቢገጠም መቆንጠጫው አይይዝም፣ ጉተቱ ሁሉ ብየዳው ላይ ያርፋል።

ሲያልቅ በቴስተር ሦስት ነገር ይለካል። ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ መሐልም ሺልድም፣ ከግማሽ ኦም በታች። በመሐልና በሺልድ መካከል ክፍት፤ በኪሎ ኦም የሚቆጠር ነገር ካሳየ ያ ጥቁር ሽፋን ነክቷል ማለት ነው። ካፓሲታንስ የሚለካ ቴስተር ካለ ደግሞ ባለ 5 ሜትሩ 0.65 ናኖፋራድ አካባቢ ማሳየት አለበት። ቴስተሩ ድምፅ እየሰጠ ሁለቱንም ጫፍ እጠፉ፣ አወዛውዙ፤ ከተቆራረጠ ያኔውኑ ይታወቃል።

ይህ ልኬት ስሙን ለማታውቁት የገበያ ኬብልም ይሠራል፣ እንዲያውም ለእሱ የበለጠ ያስፈልጋል። የርካሽ ኬብል ትልቁ ችግር ድምፁ አይደለም። ጃኩ የተቀረጸ ፕላስቲክ ሆኖ አይከፈትም፣ ስለዚህ አንዴ ከተበላሸ አይጠገንም። ሊገዛ የታሰበ ኬብል ጃኩ በእጅ የሚፈታ ካልሆነ ይቅርባችሁ። ከተፈታ ደግሞ ውስጡን እዩ፦ ሺልዱ መሐሉን ሙሉ ለሙሉ ሸፍኗል ወይስ እዚህም እዚያም አሥር ክር ነው? ሽቦውን በምላጭ ፋቅ አድርጉት፤ ከሥሩ ነጭ ከወጣ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው፣ ሊድም በደንብ አይዝም፣ ቶሎም ይሰበራል። ማግኔት ከሳበው መዳብ የተቀባ ብረት ነው። የጃኩን ጫፍ በጣት አሽከርክሩት፤ ከዞረ ከጥቂት ወር በኋላ ይለቃል። የታወቀ ጃክ ስም ብቻ የተጻፈበት አስመሳይ ብዙ ስለሆነ የስሙ መኖር ማረጋገጫ አይደለም፤ ክብደቱ፣ የጥርሱ ልስላሴና የመቆንጠጫው ይዞታ ይሻላል።

የወርቅ ቅብ ጃክ ይገባል ወይ? አይዝግም፣ ያ እውነት ነው፤ በድምፅ ግን ልዩነት የለውም፣ ቅቡም በመሰካትና በመንቀል ያልቃል። የኒኬሉን በወር አንዴ ከፋርማሲ በሚገዛ አልኮል በተነከረ ጨርቅ መጥረግ በቂ ሆኗል።

የማይመቹ ነገሮችም አሉት። ገመዱ ወፈር ስለሚል ከቀጭን ኬብል ይልቅ ቦርሳ ውስጥ ቦታ ይይዛል። የተጠመጠመ ሺልድ ለመታጠፍ ይለሰልሳል፣ ግን ሁልጊዜ ወደ አንድ አቅጣጫ የሚጠማዘዝ ከሆነ ክሮቹ እየተከፈቱ ይሄዳሉ። ስለዚህ በክርን ዙሪያ አይጠቅለል፤ አንዱን ዙር ወደ ላይ፣ ቀጣዩን ወደ ታች እያገላበጡ በሰፊ ክብ መጠቅለል ነው። በየሳምንቱ የሚረገጥ፣ የሚጠላለፍ፣ ለብዙ ሰው የሚዘዋወር ኬብል ከሆነ ሺልዱ የተሸመነ ገመድ ይመረጣል፣ የካናሬው እንዲያ ነው። ሲሰካም ኬብሉን በጊታሩ ማንገቻ ውስጥ አሳልፋችሁ ሰኩት፤ ሲረገጥ የሚሳበው ማንገቻው ይሆናል እንጂ ጃኩ አይደለም።

የጊታር ኬብልን በአምፕ ሄድ (ስፒከር የሌለው የአምፕ ክፍል) እና በስፒከር መካከል እንዳትጠቀሙበት። ጃኩ አንድ ዓይነት ስለሆነ ይገባል፣ ግን ቀጭኑ የመሐል ሽቦ ለዚያ ኃይል አልተሠራም፤ ይግላል፣ ከቀለጠና ከተገናኘም አምፑን ይዞ ይሄዳል። የስፒከር ኬብል በጊታር ላይ ደግሞ ሺልድ ስለሌለው ሃሙን ሁሉ ይሰበስባል።

ዛሬ ዕቃ የሚያስመጣ ሰው ካለ ትዕዛዙ እንዲህ ቢሆን ጥሩ ነው፦ 10 ሜትር ገመድና 5 ጃክ፣ ከእነሱ አንዱ በ90 ዲግሪ የታጠፈ፣ ሶኬቱ ጎን ላይ ለሆነ ጊታር። ከዚያ አንድ ባለ 5 ሜትርና አንድ ባለ 3 ሜትር ይወጣል፣ አንድ ጃክና 2 ሜትር ገመድ ለጥገና ይተርፋል። በየጥገናው ከጫፉ 3 ሴ.ሜ ያህል ይቆረጣል፤ ይኸኛው አሁን 4 ሜትር ከ97 ነው።