ካዲዝ ላይ አልጋ ለምትፈልጉ፣ እና ለእትዬ ምስጋና

ይህን እንደምጽፍ ለእናቴ ቃል ከገባሁ ወራት አለፉ። ስልክ በደወለች ቁጥር "ለእትዬ ጻፍሽላት?" ትለኛለች፤ ካዲዝ ላይ ያሳደሩንን ሴት ማለቷ ነው። ይኸው ጻፍኩ።

እማዬ ባለፈው ነሐሴ ከባሕር ዳር ልትጠይቀኝ ጀርመን መጥታ ሳለ፣ ለአንድ ሳምንት ደቡብ ስፔን፣ ካዲዝ ይዣት ሄጄ ነበር። ከሴቪያ በባቡር ሁለት ሰዓት አይሞላም፤ ጣቢያውም የድሮው ከተማ መግቢያ ላይ ነው። እስከዚያ ድረስ ጎበዝ ነበርኩ። የተሳሳትኩት አልጋ አያያዙ ላይ ነው።

ኮከቡን አየሁ፣ ፎቶውን አየሁ፣ "ታሪካዊው ሰፈር፣ ከባሕር 5 ደቂቃ" የሚለውን አነበብኩና ከፈልኩ። ካዲዝን ለሚያውቅ ሰው ይህ ቀልድ ነው። የድሮው ከተማ በሦስት ወገን ውቅያኖስ የከበበው የምድር ምላስ ነው፤ የትም ብታድሩ ባሕሩ ቅርብ ነው። ፊንቄያውያን የቆረቆሩት፣ 3 ሺህ ዓመት የሚባልለት ከተማ ስለሆነም ታሪካዊ ያልሆነ ጥግ ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል። አንዱን ማረፊያ ከሌላው የሚለየው ደረጃውና መስኮቱ ነው። እኔ ደግሞ ያልጠየቅኩት እነዚህን ሁለቱን ብቻ ነው።

ክፍላችን "3ኛ ፎቅ" ተባለ። ስፔኖች የምድሩን ቤት አይቆጥሩትም። በአንዳንድ አሮጌ ቤቶች ደግሞ በምድሩና በ1ኛው መካከል "ኤንትሬሱዌሎ" የሚሉት ወለል አለ፤ እሱንም አይቆጥሩትም። 3ኛው ስንወጣው 4ኛ ሆነ። አሳንሰር የለም። እማዬ ጉልበቷን እያሸች ሦስት ጊዜ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ክፍሉ ደረስን ስንል መስኮቱ የጭስ ማውጫ በሚያህል ጠባብ ጉድጓድ ላይ ይከፈታል፤ ከሥሩ የመጠጥ ቤት ማድቤት ነው። እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት የሳህን ኳኳታ፣ የዓሣ ጥብስ ሽታ። በፍልሰታ! "ልጄ፣ ይህ አልጋ ቤት ነው ወይስ ንስሐ?" አለችኝ።

በነጋታው አበባ ሻጮች ያሉበት አደባባይ ላይ አስቀመጥኳትና በር ለበር መዞር ጀመርኩ። በየበሩ ጎን ሰሌዳ አለ። "ኤች" ብቻዋን ከሆነች ሆቴል ነው፤ ከጎኗ ትንሽ "ኤስ" ካለች ኦስታል ነው። ኦስታልን ከሆስቴል ጋር እንዳታምታቱት። አልጋ ተደራርቦ የሚተኛበት ሳይሆን፣ የራሳችሁ ክፍል ያላችሁ፣ አብዛኛውን ጊዜ ቤተሰብ የሚያስተዳድረው ትንሽ ማረፊያ ነው።

ሦስተኛው በር ላይ ሪሴፕሽን የተቀመጡት የእማዬ እኩያ የሆኑ ሴት ነበሩ። ስማቸው አልያዝላት ብሎ "እትዬ" ስትላቸው ስለሰነበተች እኔም እንደዚያው ልጥራቸው።

አልጋ አለ ወይ ስላቸው ዋጋ አልነገሩኝም። "ማን ነው የሚያድረው?" አሉኝ በተሰባበረ እንግሊዝኛ። እናቴና እኔ ነን አልኩ። ጉልበቷ ደህና ነው? እንቅልፏ ቀላል ነው? ጠዋት ስንት ሰዓት ትነሳለች? ሐኪም ቤት የገባሁ መሰለኝ።

ከዚያ ቁልፍ ይዘው ሁለት ክፍል አሳዩኝ። አንዱ መንገድ ላይ የተንጠለጠለ በረንዳ ያለው፣ ዓይን የሚማርክ። ሌላው ወደ ውስጥ የሚያይ። "ውስጥ" ሲባል ያችን ጉድጓድ አስታውሼ ፊቴን አጨማደድኩ መሰለኝ፣ ምንም ሳይሉ መስኮቱን ከፈቱና ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው ዝም አሉ። ከታች ሰፊ ግቢ፣ በየግድግዳው የአበባ ማሰሮ፣ መሃሉ ላይ ድሮ የዝናብ ውሃ ያጠራቅሙበት የነበረ የጉድጓድ አፍ። የሚሰማው የርግብ ድምፅ ብቻ ነው። ቀጥለው በረንዳ ወዳለው ክፍል መልሰው ወሰዱኝና አሁንም ዝም አሉ። ከታች ሁለት ሰዎች ያወራሉ፤ መንገዱ ጠባብ ስለሆነ ወሬያቸው አልጋው ላይ የተቀመጡ ያህል ይሰማል። እኔ በረንዳውን ፈልጌ ነበር፣ አልዋሽም፤ ለፎቶ። ግን ግቢውን ወሰድን፣ በሌሊት 92 ዩሮ። አሳንሰሩ ሁለት ሰውና አንድ ሻንጣ ብቻ ነው የሚይዘው፤ ለእማዬ ግን ከቤተ መንግሥት በላይ ነው። ዋይፋዩ ደካማ ነው፣ ፎጣውም ሳስቷል፤ ይህንንም እወቁ።

በሦስተኛው ቀን እትዬ ጠሩኝና እናትሽ ቁርሳችንን ጠላችው ወይ አሉኝ። ጾም መሆኑን፣ እስከ 9 ሰዓት እህል እንደማትቀምስ፣ ከዚያ በኋላም ሥጋ፣ ወተት፣ እንቁላል፣ ዓሣ እንደማትነካ አስረዳሁ። ደንግጠው ይቅርታ ጠየቁ። በዚያው ቀን ልክ በ9 ሰዓት በራችን ተንኳኳ። የተጠበሰ ዳቦ በወረቀት ጠቅልለው፣ የተፈጨ ቲማቲም በብርጭቆ፣ የወይራ ዘይት በትንሽ ጠርሙስ ይዘው ቆመዋል። ለካ ይህ የአንዳሉሲያ የየዕለት ቁርስ ነው፤ ሳያስቡት የጾም ምግብ ነው የሚበሉት። ምሳቸውንም የሚበሉት ከ8 እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ ስለሆነ፣ እማዬ ጾሟን ስትፈታ ከተማው በሙሉ አብሯት ማዕድ ይቀርባል። ሽንብራ በስፒናች የሚሠራ ምግብ ቤትም ጠቆሙን፤ የማትበላውን ሁሉ ለወጥ ሠሪው በስፓኒሽ ጽፈው ወረቀቱን ለእማዬ ሰጧት። እስከ ዛሬ ቦርሳዋ ውስጥ ነው።

ሌላም አስተማሩን። ሌቫንቴ የሚሉት ደረቅ የምሥራቅ ነፋስ ሲነሳ ረጅሙ የላ ቪክቶሪያ ባሕር ዳርቻ አሸዋውን ፊት ላይ ይበትናል። ያን ቀን በሁለት ምሽጎች መካከል ወዳለችው ላ ካሌታ ላኩን፤ እሷ ወደ ምዕራብ ስለምታይ ትሻላለች። ጣና ዳር ያደገችው እማዬ ውሃ ብርቋ አይደለም። የገረማት ውሃው ሸሽቶ ጀልባዎቹ አሸዋ ላይ መቅረታቸው ነው። "ማን ጠጣው?" አለች። ማታ መልሶ ሲሞላ እስክታይ አልነሳም ብላ ተቀመጠች። ስንመለስ ደግሞ የየቤቱን ግድግዳ በጣቷ ትዳብስ ነበር፤ የከተማው ድንጋይ በውስጡ የባሕር ቀንድ አውጣና ዛጎል ተጣብቆበት ይታያል።

ማታ ማታ እትዬ ጣሪያው ላይ፣ ልብስ በሚሰጣበት፣ ወንበር ያወጡላታል። ከዚያ ብዙ ትናንሽ ማማዎች ይታያሉ። በ1717 ከአሜሪካ ጋር የሚደረገውን ንግድ የሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት ከሴቪያ ወደ ካዲዝ ሲዛወር ነጋዴው በለጸገ፤ መርከቡ መምጣቱን ከቤቱ ሆኖ ሊያይ ማማ ሠራ፤ ዛሬም ከ120 በላይ ቆመዋል። እማዬ እዚያ ተቀምጣ ውዳሴ ማርያሟን ትደግማለች፤ እትዬ አጠገቧ ልብስ ያጥፋሉ። አንድ ቃል አይግባቡም።

የቤቱን ስም ያልጻፍኩት ራሳቸው ስለከለከሉኝ ነው፤ "ዘጠኝ ክፍል ነው ያለን፣ ነሐሴ ሁልጊዜ ይሞላል" አሉኝ። ለመሄድ የቆረጠ ኢንቦክስ ያድርግልኝ፣ አድራሻውን እልካለሁ። ስትደርሱ የዚያች ቁርስ የማትበላ ኢትዮጵያዊት እናት ልጅ ናት የላከችን በሏቸው። እናንተንም ስለ ጉልበታችሁ መጠየቃቸው አይቀርም።